የወይን በርሜል አያያዝና የአምራቹ ድርሻ፦ አጭር የታሪክ ቅኝት

አንድ አርሶ አደር ዓመቱን ሙሉ ደክሞ ያመረተው ምርት ዋጋ የሚወሰነው በማሳው ላይ ብቻ አይደለም። ምርቱ የሚቀመጥበት ዕቃ፣ የዕቃው ንጽሕናና ጥንካሬ እንዲሁም የዕቃው ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ በመከር ማግስት የገበሬውን ገቢ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ጎተራ የሌለው ገበሬ እህሉን ከአውድማ ላይ ለመሸጥ እንደሚገደድ ሁሉ፣ በርሜል ያልነበረው የአውሮፓ ወይን አምራችም የወይን ፍሬውን ከዛፉ እንዳወረደ ነጋዴው በቆረጠለት ዋጋ ሲያስረክብ ኖሯል። በርሜል ኖሮት አያያዙን ያላወቀው ደግሞ የዓመት ልፋቱ ወደ ኮምጣጤ ተለውጦበት ባዶ እጁን ቀርቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከኦክ ዛፍ የሚሠራው የወይን በርሜል ከየት እንደመጣ፣ በተለይም ቤተሰብ በጓዳው የሚይዘው ትንሹ በርሜል ለምን ልዩ እንክብካቤ እንደሚፈልግና አምራቾች ተደራጅተው የዕቃ ችግራቸውን እንዴት እንደፈቱ በአጭሩ ማስቃኘት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ከሸክላ ወደ እንጨት

የወይን ጠጅ የመጀመሪያ ማደሪያ ሸክላ ነው። በጆርጂያ አገር በቁፋሮ የተገኙና በ2017 ይፋ የሆኑ የሸክላ ስብርባሪዎች ሲመረመሩ ከ8000 ዓመት ገደማ በፊት ወይን ይቀመጥባቸው እንደነበር ታውቋል። የጆርጂያ ገበሬዎች ዛሬም ክቨቭሪ የተባለውን ትልቅ ጋን እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ቀብረው ወይናቸውን ይጠምቁበታል። የጋኑ ውስጥ በንብ ሰም ይለቀለቃል፤ ከአገልግሎት በኋላም በቅጠላ ቅጠልና በቼሪ ዛፍ ልጣጭ መፈግፈጊያ ተፈግፍጎ ይታጠባል። ይህ አሠራር በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ግብፆች፣ ግሪኮችና ሮማውያንም ወይናቸውን የሚያጓጉዙት ሁለት ጆሮ ባለው የሸክላ እንስራ ነበር። ሸክላ ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ ይሰበራል፤ ሁለተኛ ከያዘው ወይን ጋር ሲነጻጸር የራሱ ክብደት ብዙ ነው። በመርከብ ሲጫን ያን ያህል ባያስቸግርም በየብስ መንገድ በጋሪ ሲንገላታ ኪሣራው ይበዛል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ያገኙት ከአልፕስ ተራሮች ግራና ቀኝ ይኖሩ የነበሩ እንጨት ሠራተኞች ናቸው። ጂኦግራፊ ጸሐፊው ስትራቦ በሰሜን ኢጣሊያ ስለሚገኙ እጅግ ትላልቅ የእንጨት የወይን ማስቀመጫዎች ጽፏል። በ79 ዓ.ም. ያረፈው ሮማዊው ፕሊኒ ደግሞ በአልፕስ አካባቢ ሕዝቡ ወይኑን በቀለበት በታሰረ የእንጨት ዕቃ እንደሚያኖር መዝግቧል። በ113 ዓ.ም. ሮም ከተማ ላይ በቆመው የትራያን ሐውልት ላይ በርሜሎች በጀልባ ተጭነው ተቀርጸው ይታያሉ። በጀርመን አገር ሞዝል ወንዝ አጠገብ ኖይማገን በተባለ ሥፍራ የተገኘው የሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመቃብር ድንጋይም በርሜል የጫነ መርከብ ቅርጽ ነው። በእንግሊዝ አገር በሲልቸስተር ደግሞ ያረጁ በርሜሎች ለውኃ ጉድጓድ ግድግዳ መደገፊያነት ውለው በቁፋሮ ተገኝተዋል። ዕቃው ከወይን አገልግሎት ከወጣ በኋላም እንዳይጣል የሚደረገው ጥረት ያኔም እንደነበር ይህ ያስረዳል።

በርሜሉ ሸክላውን ያሸነፈው በቀላል ምክንያት ነው። ሆዱ ሰፋ፣ ጫፍና ጫፉ ጠበብ ያለ በመሆኑ አንድ ሰው ብቻውን ከ200 ሊትር በላይ የሚይዝ ዕቃ አንከባሎ ሊወስደው ይችላል። መሬት የሚነካው በሆዱ ብቻ ስለሆነም በቀላሉ ይዞራል። ቢወድቅ አይሰበርም፤ አንድ ጣውላ ቢበላሽ ያው ጣውላ ብቻ ተቀይሮ ይጠገናል።

ኦክ ለምን ተመረጠ?

በርሜል ከልዩ ልዩ እንጨት ሊሠራ ይችላል። ይሁን እንጂ ከጊዜ ብዛት ኦክ ሌሎቹን አስለቅቆ ቦታውን ያዘ። እንጨቱ ጠንካራ ነው፤ በእሳት ሲሞቅ ይለመጣል፤ ፈሳሽ አያሳልፍም፤ ለወይኑም ደስ የሚል ጣዕም ይሰጣል። ነጭ ኦክ የሚባሉት ዝርያዎች እንጨቱ ሲበስል ውኃ ያመላልሱባቸው የነበሩት ቀጫጭን ቧንቧዎች በተፈጥሮ ይደፈናሉ። ይህ በአሜሪካው ነጭ ኦክ ላይ በጣም የጎላ በመሆኑ እንጨቱ በመጋዝ ቢሰነጠቅም አያፈስም። የአውሮፓው ኦክ ግን የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ በመጥረቢያ ካልተፈለጠ በቀር ወይኑ በጅማቱ በኩል ይወጣል። ስለሆነም ከአንድ ግንድ የሚገኘው ጣውላ ትንሽ፣ ዋጋውም ውድ ነው።

የተፈለጠው ጣውላ ወዲያው ሥራ ላይ አይውልም። ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ከቤት ውጭ ተደርድሮ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል። ዝናቡ መራራውን ነገር አጥቦ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ በርሜል ሠሪው ጣውላዎቹን በብረት ቀለበት ውስጥ አቁሞ መሀል ላይ እሳት ያነዳል። እሳቱ ጣውላውን ለማጉበጥ ብቻ ሳይሆን ውስጡን ጠበስ ለማድረግም ይጠቅማል። ጣውላዎቹን የሚያያይዝ ሙጫም ሆነ ሚስማር የለም። በርሜሉን አንድ አድርጎ የሚይዘው የቀለበቶቹ ጥብቀትና እርጥበት የጠጣው እንጨት እብጠት ነው። የበርሜል አያያዝ ትምህርት ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ እንጨቱ ከደረቀ ይኮማተራል፣ ቀለበቱ ይላላል፣ በርሜሉም ያፈሳል።

የኦክ ዛፍ ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የበርሜል ታሪክ የደን ጥበቃ ታሪክም ነው። የፈረንሳዩ ሚኒስትር ኮልቤር በ1669 ባወጣው የውኃና የደን ድንጋጌ የአገሩ ደኖች በሥርዓት እንዲጠበቁ አደረገ። ያሰበው ለባሕር ኃይል መርከብ የሚሆን እንጨት ነበር። መርከብ ከብረት መሠራት ሲጀምር ግን እንደ ትሮንሴ ያሉት ደኖች ለበርሜል ሠሪዎች ሲሳይ ሆኑ። ዛፍ የሚተክል ሰው ፍሬውን ማን እንደሚለቅመው አያውቅም የሚባለው ለዚህ ነው።

ትንሽ በርሜል ለምን ይከብዳል?

በፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ የተለመደው በርሜል 225 ሊትር፣ በቡርጎኝ ደግሞ 228 ሊትር ይይዛል። ለቤት የሚሠራው ግን ከ10 እስከ 60 ሊትር ያህል ነው። ብዙ ሰው ትንሽ ዕቃ ለአያያዝ ቀላል ይመስለዋል። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው።

ምክንያቱ ስሌት ነው። የአንድ ዕቃ ይዘት ሲያንስ የግድግዳው ስፋት በዚያው ልክ አያንስም። ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸው ባለ 225 ሊትርና ባለ 20 ሊትር በርሜሎች ቢወዳደሩ በትንሹ በርሜል ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሊትር ወይን ከእጥፍ በላይ የሆነ የእንጨት ግድግዳ ይነካዋል። በመሆኑም ወይኑ የእንጨቱን ጣዕም በፍጥነት ይስባል፣ በፍጥነት ይተናል፣ አየርም በፍጥነት ይገባበታል። በትልቅ አዲስ በርሜል ውስጥ ለወራት የሚቆይ ወይን በትንሽ አዲስ በርሜል ውስጥ በሳምንታት ጊዜ ውስጥ እንጨት እንጨት ማለት ይጀምራል።

ወይኑ ሲተን ከላይ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። የወይን ጠላት የሚገባው በዚያ ባዶ ቦታ ነው። ይህንን በሳይንስ ያረጋገጠው ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። በ1863 ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ የአገሩ ወይን በየጓዳውና በየመርከቡ ለምን እንደሚበላሽ እንዲያጠና ጠየቀው። ፓስተር ባደገባት በአርብዋ ከተማ ምርምሩን አካሂዶ በ1866 ስለ ወይን ያደረገውን ጥናት በመጽሐፍ አሳተመ። ወይንን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጠው በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ተሐዋሲ መሆኑን፣ ተሐዋሲውም ለመኖር አየር እንደሚያስፈልገው አሳየ። ገበሬው ከጥንት ጀምሮ በልማድ የሚያውቀው “በርሜሉን አፉ ድረስ ሙላው” የሚለው ምክር ምክንያቱ በዚህ ጊዜ ታወቀ።

የበርሜል እንክብካቤ፦ ልማዱና ምክንያቱ

ከፓስተር በፊትም ሆነ በኋላ በርሜል ያላቸው ቤተሰቦች የሚከተሏቸው ዋና ዋና ተግባራት ከዚህ በታች ተዘርዝረዋል።

ሀ) ማሳበጥ፦ አዲስ ወይም ደርቆ የሰነበተ በርሜል ወይን ከመቀበሉ በፊት ንጹሕ ውኃ ይሞላል። መጀመሪያ ላይ በየመገጣጠሚያው ማንጠባጠቡ አያስደነግጥም። እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ አብጦ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይገጥማል። ካልገጠመ ቀለበቶቹ በመዶሻ ወደ ሆዱ በእኩል መጠን ይጠብቃሉ። ውኃው ግን ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ መቆየት የለበትም፤ ከቆየ ይሸታል፣ ሽታውም ወደ እንጨቱ ይገባል።

ለ) እየጨመሩ መሙላት፦ ከትንሽ በርሜል የሚተነው ወይን በየሳምንቱ እየታየ በተመሳሳይ ወይን ይተካል። ለዚህም ሲባል አስተዋይ ቤተሰብ በርሜሉ ከሚይዘው በላይ ወይን አዘጋጅቶ ትርፉን በጠርሙስ ያስቀምጣል። መጨመሪያ ሳያዘጋጅ በርሜል የሞላ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ባዶ ቦታውን የሚሞላው አየር ብቻ ነው።

ሐ) ድኝ ማጨስ፦ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ ነጋዴዎች ወይን ከመገልበጣቸው በፊት በበርሜሉ ውስጥ በድኝ የተነከረ ክር ያነዱ ነበር። ልማዱ በቦርዶ በስማቸው የሆላንድ ክብሪት ተብሎ ይጠራ ነበር። ድኙ ሲነድ የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ሻጋታንና የኮምጣጤ ተሐዋሲን ይገድላል። ባዶውን በርሜል በደረቅ ማቆየት የሚፈልግ ሰው ዕቃው ታጥቦና ተንጠፍጥፎ ካለቀ በኋላ ድኝ ያነድበትና ይወትፈዋል፤ ይህንንም በየወሩ ገደማ ይደግማል። ለ225 ሊትር በርሜል ከ5 እስከ 10 ግራም ድኝ ይበቃል፤ ለትንሹ በርሜል በዚያው መጠን ይቀነሳል። የሚነደው ድኝ በሽቦ ተንጠልጥሎ እንጂ እንጨቱ ላይ መውደቅ የለበትም። ጭሱ ሳንባን ስለሚጎዳ ሥራው የሚከናወነው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ነው። ውስኪን የመሰለ ኃይለኛ አልኮል በቅርቡ ተገልብጦ በወጣበት በርሜል ውስጥ ግን እሳት ማስገባት ፍንዳታ ስለሚያስከትል ፈጽሞ አይደረግም።

መ) በእርጥብ ማቆየት፦ ትንሽ በርሜል ጣውላው ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ባዶ የሚሆን ከሆነ በአንድ ሊትር ውኃ 1 ግራም ሲትሪክ አሲድና 2 ግራም ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት ተበጥብጦ ይሞላል። ፈሳሹ በየጊዜው እየታየ የጎደለው ይተካል። ወይን ከመመለሱ በፊትም በርሜሉ በንጹሕ ውኃ በደንብ ይለቀለቃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በርሜሉን ያለ ወይን አለማሳደር ነው፤ አሮጌው በወጣበት ቀን አዲሱ ቢገባ ይመረጣል።

ሠ) በክሎሪን አለማጠብ፦ በረኪናም ሆነ ሌላ ክሎሪን ያለበት ማጽጃ በኦክ በርሜል ላይ አይውልም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ወይንን የሻገተ ካርቶን እንዲሸት የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ለይተው አወቁ። ንጥረ ነገሩ ሻጋታ ክሎሪን ካለባቸው ውሕዶች ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው። ይህ ሽታ አንዴ እንጨት ውስጥ ከገባ የሚያወጣው ነገር የለም።

ረ) ተስፋ የሚቆረጥበትን ማወቅ፦ ኮምጣጤ የሸተተ በርሜል ለወይን አይመለስም። ተሐዋሲው በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ጠልቆ ስለሚኖር የላይ የላዩ እጥበት አያገኘውም። በ1904 በዴንማርክ ካርልስበርግ የቢራ ፋብሪካ ይፋ የሆነው ብሬታኖማይሲስ የተባለው እርሾም እንዲሁ በእንጨት ውስጥ ተደብቆ የፈረስ ጋጣ የመሰለ ሽታ ያመጣል። እንዲህ ያለው በርሜል ለኮምጣጤ ማቆያ ወይም ለአበባ መትከያ ይውላል እንጂ “ይህችን ዓመት ብቻ” ተብሎ አይሞከርም። የአንድ በርሜል ዋጋ ለማዳን ሲባል የዓመት ምርት አይከሰርም።

ጤነኛ በርሜልም ቢሆን ጣዕም የሚሰጥበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ከሦስትና ከአራት ዓመት አገልግሎት በኋላ የእንጨቱ ጣዕም ተሟጥጦ ያልቃል። ነገር ግን በርሜሉ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ በማስቀመጫነት ለብዙ ዓመታት ያገለግላል።

በርሜል ያልነበረው ገበሬ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ገንዘብ፣ ቦታና ጊዜ ይጠይቃል። ጥቂት ረድፍ ወይን ያለው ድሃ ገበሬ ግን በርሜል የሚገዛበት ገንዘብ፣ ቢገዛም የሚያስቀምጥበት ቀዝቃዛ ምድር ቤት አልነበረውም። የወይን ፍሬ ደግሞ ከተለቀመ በኋላ ቀን አይሰጥም። ነጋዴው ይህንን አሳምሮ ስለሚያውቅ ዋጋውን በመከር ቀን ይጥላል፤ ወይኑን በራሱ በርሜል አቆይቶም በጸደይ በውድ ይሸጣል። ልፋቱ የገበሬው፣ ትርፉ ግን የዕቃው ባለቤት ነበር ማለት ይቻላል።

በጀርመን አገር በአር ሸለቆ የምትገኘው የማይሾስ መንደር ገበሬዎች ለዚህ መፍትሔ ፈለጉ። በ1868 ዓ.ም. 18 ወይን አምራቾች ተሰባስበው ማኅበር መሠረቱ። ፍሬያቸውን በአንድ ላይ ጨምቀው፣ በጋራ በርሜል አስቀምጠው፣ በጋራ መሸጥ ጀመሩ። ማኅበሩ በጀርመን አገር ካሉት የወይን አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሁሉ አንጋፋው ነው።

በደቡብ ፈረንሳይ ላንግዶክ ደግሞ ችግሩ የባሰ ነበር። ከ1860ዎቹ ጀምሮ ፊሎክሴራ የተባለ ተባይ የወይን ሥር እየበላ እርሻውን አጠፋው። በአሜሪካ የወይን ሥር ላይ በማዳቀል ተክሉ ዳግመኛ ሲተካ ምርቱ ከመጠን በላይ በዛ። በስኳርና በውኃ የተበረዘ ወይንም ገበያውን አጥለቀለቀው። ዋጋው ወደቀ። በማሮሳን መንደር የሚገኙ ገበሬዎች በ1901 “ነጻ ወይን አምራቾች” የሚል ስያሜ ያለው ማኅበር አቋቁመው ወይናቸውን ያለ ደላላ ለፓሪስ ሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መላክ ጀመሩ። በ1905 የጋራ ማከማቻቸውን ገነቡ። የፖለቲካ ሰው የሆነው ዣን ዦሬስ በዚያው ዓመት ጎብኝቶ ስለሥራቸው ጽፏል።

ያልተደራጁት ብዙኃኑ ግን ምሬታቸው ወደ አደባባይ ወጣ። በመጋቢት ወር 1907 ማርሰለን አልቤር የተባለ አነስተኛ አምራች ከአርዠሊየ መንደር 87 ሰዎችን አስከትሎ ወደ ናርቦን ተጓዘ። በየእሑዱ የሰልፈኛው ቁጥር እየጨመረ ሄዶ ሰኔ 9 ቀን በሞንፔልዬ ከተማ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተሰለፈ። ሰኔ 19 እና 20 በናርቦን ወታደሮች በመተኮሳቸው ስድስት ሰዎች ሞቱ። መንግሥት ሰኔ 29 ቀን 1907 የወይን ማጭበርበርን የሚቆጣጠር ሕግ አወጣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት በላንግዶክ መንደሮች የጋራ የወይን ማከማቻዎች በየቦታው ተገነቡ። ገበሬው የተረዳው ነገር ቢኖር ሕግ ብቻውን በቂ እንዳልሆነና ማከማቻው ራሱ በእጁ መግባት እንዳለበት ነው።

የአሜሪካ ቤተሰቦችና የጓዳ በርሜል

የትንሹ በርሜል ታሪክ ያለ አሜሪካ አይሟላም። በዚያ አገር ከጥር 17 ቀን 1920 ጀምሮ የአልኮል መጠጥ ማምረትና መሸጥ በሕግ ተከለከለ። ይሁን እንጂ የማስፈጸሚያው ሕግ ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚሆን የፍራፍሬ ጭማቂ ማዘጋጀትን ስለፈቀደ አንድ ቤተሰብ በዓመት እስከ 200 ጋሎን ማለትም 757 ሊትር ያህል በቤቱ ሊያዘጋጅ ይችል ነበር። ከኢጣሊያና ከሌሎች የሜዲትራኒያን አገሮች የመጡ ስደተኞች በምድር ቤታቸው በርሜል ደርድረው የአባቶቻቸውን ልማድ ቀጠሉ።

የካሊፎርኒያ ወይን አምራቾች መጥፋታችን ነው ብለው ሲፈሩ ገበያቸው እንዳልታሰበ ደራ። የወይን ፍሬ በባቡር ተጭኖ ወደ ቺካጎና ኒውዮርክ ይጎርፍ ጀመር። ረጅም መንገድ የሚችል፣ ቆዳው ወፍራምና ቀለሙ ጥቁር የሆነ አሊካንት ቡሼ የተባለ ዝርያ በገፍ ተተከለ። ነገር ግን ሁሉም ገበያውን አይቶ በመትከሉ ከ1920ዎቹ አጋማሽ በኋላ ፍሬው በዛ፣ ዋጋውም ወረደ።

በ1929 የካሊፎርኒያ አምራቾች ፍሩት ኢንዱስትሪስ የተባለ የኅብረት ሥራ የገበያ ድርጅት አቋቁመው ከፌዴራል የእርሻ ቦርድ ብድር አገኙ። ድርጅቱ ቫይን ግሎ በሚል ስም የወይን ጭማቂ በትናንሽ በርሜሎች ለየቤቱ ማቅረብ ጀመረ። የሽያጩ ልዩ ነገር እንክብካቤው ነበር። የድርጅቱ ሠራተኛ በርሜሉን ደንበኛው ቤት ድረስ አምጥቶ ያስቀምጣል፤ ጭማቂው ሲብላላ ይከታተላል፤ ከ60 ቀን ገደማ በኋላ ተመልሶ ወደ ጠርሙስ ይገለብጥለታል። ድርጅቱ የበርሜል አያያዝ ዕውቀት የሌለው ሰው ጥሩ ጭማቂ ቢገዛም እንደሚያበላሸው ተገንዝቦ ነበር። ሆኖም በ1931 በሌላ ተመሳሳይ ምርት ላይ የፍርድ ቤት ውሳኔ በመሰጠቱ ቫይን ግሎ ከገበያ ወጣ። የመጠጥ ክልከላው ራሱ ታኅሣሥ 5 ቀን 1933 ተሻረ። የቤት ወይን ልማድ ግን በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ቀጥሏል።

ዛሬስ?

በአሁኑ ወቅት አብዛኛው ወይን በማይዝግ ብረት ጋን ውስጥ ይጠመቃል። ብረቱ ለማጠብ ይቀላል፣ አያፈስም፣ ለብዙ ዓመታትም ያገለግላል። የኦክ በርሜል ግን ጣዕሙና ዝግ ያለው የአየር አገባቡ ስለሚፈለግ ከጓዳ አልወጣም። የጋራ ማከማቻውም ጠቀሜታ አላበቃም። ሐምሌ 2021 በአር ሸለቆ ከባድ ጎርፍ ደርሶ ከ130 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ሲያጡ የማይሾስ ማኅበር ማከማቻም በጎርፉ ተመታ። ከሌሎች የወይን አካባቢዎች ብዙ ፈቃደኞች መጥተው ጭቃውን በመጥረግና ዕቃውን በማጠብ አገዙ። የሸለቆው አምራቾች ጭቃ የተለቀለቁ ጠርሙሶቻቸውን እንዳሉ ለደጋፊዎች በመሸጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ዩሮ አሰባሰቡ። ለብቻው የቆመ አምራች እንዲህ ካለ አደጋ በቀላሉ አያገግምም ነበር።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ጠጅ ጣይ እናቶች ማሩን ከመበጥበጣቸው በፊት ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትገው አጥበው፣ በወይራ ጭስ አጥነው፣ አፉን በጥንቃቄ ከድነው ሲያዘጋጁ የሚያከናውኑት ሥራ የኔዘርላንዱ ነጋዴ በድኝ፣ የጆርጂያው ገበሬ በቼሪ ልጣጭ ካከናወነው ጋር ዓላማው አንድ ነው። ሁሉም በዓይን የማይታየውን ጠላት ከዕቃው ለማራቅ የተገኘ ብልሃት ነው። ያልታጠነ ጋን የማሩን ዋጋ ጭምር ይዞ ይጠፋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ታሪክ ሁለት ነጥቦችን መጨበጥ ይቻላል። አንደኛው፣ ዕቃ እንክብካቤ የሚፈልገው ምርት በገባበት ቀን ብቻ ሳይሆን ባዶ በሆነበት ጊዜም ጭምር ነው። በርሜል የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ሲረሳ ነው። የእህል ጎተራም፣ የማር ገንዳም፣ የወተት ጣሳም ከዚህ የተለየ ጠባይ የላቸውም። ሁለተኛው፣ ዕቃ የሌለው አምራች ዋጋ የመጠበቅ አቅም የለውም። የማይሾስ 18 ገበሬዎችም ሆኑ የማሮሳን ሰዎች መጀመሪያ ያሟሉት ነገር የተሻለ የወይን ዝርያ አልነበረም፤ ምርታቸውን እስከ መልካም ገበያ የሚያቆዩበት የጋራ ዕቃና እሱን የሚጠብቅ ባለሙያ ነበር።

ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደሚባለው፣ ትልቁ ዕቃ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በሥሩ ባሉት ጥቃቅን ድጋፎች ነው። የየሳምንቱ መሙላት፣ የየወሩ ማጠንና በወቅቱ የሚጠብቅ ቀለበት ጥቃቅን ሥራዎች ናቸው። የዓመቱን ምርት ተሸክመው ከገበያ የሚያደርሱት ግን እነሱ ናቸው።